ጋራዥ የሞላ ባዶ ጋሎን

የምኖረው ግሪን ቫሊ ራንች በሚባል ሰፈር፣ ከልጄና ከባሏ ጋር ነው። ቤቱ ሁለት መኪና የሚያስገባ ጋራዥ አለው። አንዱን ቦታ የልጄ መኪና ይዞታል፤ ሌላውን የኔ ባዶ ጋሎኖች። የልጄ ባል መኪና ውጭ ታድራለች።

ጉልበቴን ያመኛል። ስለዚህ በየእሑዱ አውሮራ ካለው ቤተ ክርስቲያን ጠበል በጋሎን እያመጣሁ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ እጠጣለሁ። የወተት ጋሎን አይሆንም፤ የቱንም ያህል ቢታጠብ የወተት ዕቃ ነው፣ በጾም ቀን አይጠጣበትም። ከሱቅ የታሸገ ውሃ እገዛና ውሃውን ለሻይ፣ ጋሎኑን ለጠበል አደርገዋለሁ። አንዱን ደጋግሜ ብጠቀምበት ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን ሌሎቹ ሴቶች የሚያብረቀርቅ አዲስ ጋሎን ይዘው ሲሰለፉ፣ የኔ ወይቦ መቅረቡ አሳፈረኝ። ለጠበል ክብር ነው አልኩ። ለኔ ክብር ነበር።

ጠበሉ ሲያልቅ ባዶው ይቀራል። ደጃችን ላይ ተመልሶ ለሚሠራ ፕላስቲክና ወረቀት የተሰጠን ሐምራዊ በርሜል፣ ቢን የሚሉት፣ አለ። ግን ጠበል የያዘ ዕቃ ከቢራ ጣሳ ጋር እንዴት ይደባለቃል? መጀመሪያ አንዱን ጋራዥ ውስጥ አስቀመጥኩ። ቀጥሎ ሁለተኛውን። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ።

በዚህ ሁሉ መሃል፣ በቤቱ ውስጥ ፕላስቲክ የምነቅፈው እኔ ነበርኩ። ልጄ ሽንኩርት በፌስታል ይዛ ስትገባ፣ "ምነው ዘንቢል የለም? ፕላስቲክ አበዛችሁ" እላታለሁ። ባሏ "እውነት ነው፣ እማማ" ይልና ወደ ጋራዡ በር ያያል።

እሱ ከኤርፖርት ሰው በማመላለስ ነው የሚተዳደረው። ያለፈው ዓመት የበረዶ ጠጠር የመኪናዋን የፊት መስታወት ሰብሮበት ሳምንት ሙሉ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ዘንድሮም ወራቱ ደርሶ ነበር። ሆኖም አማቱን ዕቃ አንሺ የሚል ሰው አይደለም፤ አስተዳደጉ አይፈቅድለትም። የተፈቀደለት ቀልድ ብቻ ነው።

"እማማ፣ ጋራዡ እኮ ተባርኳል" አለኝ አንድ ቀን። "የኔዋ ኃጢአተኛ ውጭ ትደር።"

"ካጠብካት ትገባለች።"

"ንስሐ ሳትገባ?"

ልጄ አልሳቀችም። "እማዬ፣ ሪሳይክል እናድርጋቸው። በረዶው ከመጣ ሥራ ሊፈታ ነው።"

"ጠበል የያዘ ዕቃ ቆሻሻ ውስጥ አልጥልም።"

"ቆሻሻ አይደለም፣ ሪሳይክል ነው!"

"በርሜል ከበርሜል በምን ይለያል?"

"በቀለም" አለ ባሏ።

በመጨረሻ ራሴ መላ አመጣሁ፦ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመለስ። ቅዳሜ ከሰዓት የልጄ ባል ሥራውን ትቶ ጋሎኖቹን በመኪናው ጫነልኝ። የዕቃ መጫኛው ሞላ፣ የኋላው ወንበር ሞላ፤ ሁለቱን እኔ ታቀፍኳቸው።

ቄሱን ግቢው ውስጥ አገኘናቸውና ጉዳዬን ነገርኳቸው። ወደ አንድ ዕቃ ቤት ወስደው በሩን ከፈቱልኝ። እስከ ጣሪያው ጋሎን ነው።

"እንደ እርስዎ ያሉ እናቶች ያመጧቸው ናቸው" አሉኝ። "እናቴ፣ አጥበው ያጠቡበትን ውሃ እግር የማይረግጠው ቦታ፣ ዛፍ ሥር ያፍስሱት። ከዚያ በኋላ ዕቃው ዕቃ ነው፤ ይጣሉት።"

"አባ፣ ታዲያ እነዚህ ለምን አልተጣሉም?"

በሩን መልሰው ዘጉት። "የኛ ቢን ትንሽ ነው" አሉ።

ከዚያም፣ ለንጽሕና ሲባል ጠበል ከእንግዲህ የሚሰጠው በትንንሽ የታሸገ ጠርሙስ መሆኑን ነግረው፣ ፕላስቲክ የተጠቀለለበት አንድ ካርቶን ሙሉ ጠርሙስ አሸከሙን። ባዶውንም ሙሉውንም ይዘን ተመለስን።

ከቤት አሥር ደቂቃ ሲቀረን ሰማዩ ጠቆረ። የነዳጅ ማደያው ጣሪያ ሥር መኪኖች ቀድመውን ሞልተውታል፤ ውጭ ቆምን። የበረዶው ጠጠር ዕንቁላል ያክላል። ኮፈኑን ሲደበድበው አየሁ። የፊቱ መስታወት መጀመሪያ በአንድ በኩል፣ ከዚያ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ሲያባራ የልጄ ባል ወደ ኋላ ዞሮ ተመለከተ።

"ጋሎኖቹ ደህና ናቸው፣ እማማ" አለኝ። እንደ ልማዱ ሊቀልድ ነበር፤ ግን እሱ ራሱ አልሳቀም።

በማግስቱ እሑድ ነበር። በሰንበት ሥራ አይሠራም፤ እኔ ግን ከቅዳሴ መልስ እስኪመሽ ጋሎን አጠብኩ። እጣቢውን ጓሮ ካለው ዛፍ ሥር አፈሰስኩት። ቢኑ ክዳኑ አልገጥም እስኪል ሞላ፤ የተረፉት ተራቸውን እንዲጠብቁ ከቤቱ ጎን ደረደርኳቸው። የጋሎኖቹ ቦታ ባዶ ሆነ። የልጄ ባል መኪናዋን አስገባ። ለመሰበር ምንም የቀራት ነገር አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ለጥገና ሲወስዳት ማንም ሳይጠይቀኝ ጫማዬን አድርጌ አብሬው ወጣሁ። መካኒኮቹ ሳምንት እንደሚፈጅ ነገሩት። ልጄ መጥታ እስክትወስደን በመጠበቂያው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩት።

"የበረዶው ነው እንጂ፣ እማማ።"

"የኔ ነው።"

ስልኩን አየ፤ ኪሱ ከተተው። አልተከራከረኝም።