ሳላየው የፈረምኩለት መስተዋት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን ስዘረዝር እንኳ ይህችን ዘልያት አልፍ ነበር። አንተ አንባቢዬ ስለማታውቀኝ ይሆናል ዛሬ የደፈርኩት።

ኮምፒውተር ወደ ወረዳ መውረድ በጀመረበት፣ ሰው ሁሉ በግምገማ በሚንቀጠቀጥበት ዘመን፣ መርሐቤቴ ውስጥ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። የገበሬው የመሬት ይዞታ የሚመዘገበው እኛ ዘንድ ነው። ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩን፤ አንደኛው ዋናው፣ ሁለተኛው «መስተዋት» የምንለው። ዋናው ላይ የተጻፈ ሁሉ ወዲያው መስተዋቱ ላይ ይገለበጣል። ዋናው ቢወድቅ መስተዋቱ ይተካዋል፤ ሥራው አይቆምም፣ የሰውም መሬት ከመዝገብ አይጠፋም። የእኔ ሥራ ጠዋትና ከሰዓት ስክሪኑን አይቼ፣ ምልክቱ አረንጓዴ ከሆነ «ደህና ነው» ብዬ መዝገብ ላይ መፈረም ነበር። ከዚህ የቀለለ ሥራ የት ይገኛል?

እኔ ግን ሰኞ ጠዋት የሳምንቱን በሙሉ ፈርሜ ከረምቡላ ቤት እሄድ ነበር። አዎ፣ ገና ያልመጣውን ሐሙስ «ደህና ነው» ብዬ ፈርሜለታለሁ።

እትዬ አስካለ የመዝገብ ቤታችን ሠራተኛ ነበሩ፤ የመንዝ ሰው፣ ከዘመሮ። ኮምፒውተር በእጃቸው አይነኩም። አንድ ቀን የምልክቱን ትርጉም ጠይቀውኝ ነግሬያቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፋይል ሲያመላልሱ ቆም ብለው ሳያዩት አያልፉም። ማን አዘዛቸው? ማንም። የተማርኩት እኔ፣ የምጠብቅበትን ደመወዝ የምበላው እኔ፣ የሚጠብቁት እሳቸው።

አንድ ጠዋት በር ላይ ያዙኝ።

«ልጄ፣ ያ አረንጓዴው ቢጫ ሆኗል። ግባና እየው እስቲ።»

«አንዳንዴ እንዲያ ያደርገዋል፣ እትዬ። አያስቡ» አልኳቸው።

ዋሸሁ። በኋላ እንደደረስኩበት፣ የመስተዋቱ ዲስክ ሞልቶ መገልበጡን አቁሞ ነበር። ገብቼ ባየው የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። አላየሁትም።

አምስት ሳምንት ሳላይ ፈረምኩ። በአምስተኛው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ዋናው ኮምፒውተር ተቃጠለ። ወደ መስተዋቱ ስሮጥ የአምስት ሳምንቱ ምዝገባ የለም። በዚያ መሐል ከተመዘገቡት አንዷ ወይዘሮ ብርቄ ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው ገበሬ። የባላቸው ወንድም መሬቱ የእኔ ነው ብሎ ሲከራከር ሽማግሌዎች ድንበሩን መስክረውላቸው፣ ቃሉን እዚያው ፊታቸው ኮምፒውተሩ ላይ አስገብተነው ነበር። ከመስካሪዎቹ አንዱ ከዚያ በኋላ አርፈዋል። ያ ቃል ጠፋ ማለት ሴትዮዋ ሜዳ ላይ ቀሩ ማለት ነው።

እትዬ አስካለ መዝገብ ቤት ገቡና አንድ ትልቅ ደብተር ይዘው ወጡ። ቢጫውን ካዩበት ቀን ጀምሮ የየዕለቱን ምዝገባ በእጃቸው ሲገለብጡ፣ ሽማግሌዎቹንም በጣታቸው ሲያስፈርሙ ከርመዋል! የባለይዞታው ስም፣ አዋሳኙ፣ የመሰከረው ሰው፤ አንድ የጎደለ የለም። ማሽኑ ሲተኛ መስተዋት የሆኑት እሳቸው ነበሩ። እንደሳቸው ያለ ሠራተኛ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። የወይዘሮ ብርቄ መሬት በዚያ ደብተር ተረፈ።

ምነው እዚህ ላይ ባበቃ! ግምገማ ተጠራ። መስተዋቱ ለምን ቆመ ተባለ። ተነሳሁና «እትዬ አስካለ ክፍሉ እየገቡ ይነካኩታል፤ ሳያውቁ ያበላሹት እሳቸው ይመስለኛል» አልኩ። አልኩት! በዚህ አፌ አልኩት። ከእኔ በቀር ስለ ኮምፒውተር የሚያውቅ ስላልነበረ ታመንኩ።

እሳቸው ደብተሩን ጭናቸው ላይ አድርገው አዩኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምልክቱ የተለወጠበትን ቀንና ለእኔ መንገራቸውን ጽፈዋል። ገልጠው ቢያነቡት አልቆልኝ ነበር። አላነበቡትም። በማግሥቱ አለቆቹ ከመዝገብ ቤት አንስተው ዕቃ ግምጃ ቤት አስገቧቸው። ሲወጡ ያንን ገጽ ገንጥለው እጄ ላይ አኖሩት።

«ይኼ ያንተ ነው። መናገሩም ያንተ ነው» አሉኝ።

ተናገርኩ? ገጹን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ጡረታ እስኪወጡ በዚያ ግምጃ ቤት በር ሳልፍ ሰላም ይሉኝ ነበር፤ እኔ መሬት መሬት እያየሁ እመልሳለሁ። ዛሬ ዘመሮ እንዳሉ ሰምቻለሁ። ይቅርታቸውን ለመጠየቅ እሄዳለሁ፤ ግን በቅድሚያ ስማቸው ይጽዳ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

ገጹ አሁንም አለኝ። እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ቢጫ ሆነ። ለልጁ ነግሬዋለሁ። ሥራ በዝቶበት ነው ያላየው።»

ሥራ አልበዛብኝም ነበር፣ እትዬ። ከረምቡላ ስጫወት ነበር።