የሄደው ቀጋ

«እትዬ፣ ይህ ቀጋ ለምንድን ነው የማያብበው?» አለኝ ተከራዬ ባለፈው እሑድ። ገመቹ ይባላል፤ ከወለጋ መጥቶ እዚህ ደብረ ታቦር የሚያስተምር ወጣት ነው። ቀጋውን ከጋፋት መንገድ ዳር ቆፍሮ ያመጣው እሱ ነው። ከጎረቤት አጥር ሥር ሊተክለው ጉድጓድ ጀምሮ ሳለ ደርሼ ከለከልሁትና ግቢው መሀል ተከለው። ይኸው ስንት ክረምት አለፈው፤ ቅጠሉ ለምለም ነው፣ እሾሁም አይታማም፣ አበባ ግን የለም። «ፍግ አንሶት ይሆን?» ይላል ልጁ። ፍግስ አላነሰውም። ለምን እንደማያብብ እኔ አውቃለሁ፤ ይህን ለመንገር ግን የእናቴን ጓሮ ማንሣት አለብኝ፣ እሱን ባነሣሁ ቁጥር ደግሞ ምሳዬ አይወርድልኝም።

ያደግሁት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በጋፋት በኩል ነው። የእኛን መሬት ከአባቴ ታላቅ ወንድም ከአያ ደሳለኝ መሬት የሚለየው የቀጋ አጥር ነበር። አባቴ እናቴን ባገባ ዓመት ችግኙን ከገደሉ አፋፍ እያመጣ በመስመር ተከለው አሉ። እኔ ነፍስ ሳላውቅ እሱ ሞተ፤ አጥሩ ቀረ። ከአጥሩ ወዲህ ባለው ጓሮ እናቴ ነጭ ሽንኩርትና ጌሾ ታለማ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ አውጥታ ትሸጠዋለች፤ የምንበላውም፣ እኔ የምማረውም በዚያ ነበር።

ቀጋ ሲያብብ ያላየ ሰው እሾህ ብቻ ይመስለዋል። አበባው ነጭ ነው፤ ጠዋት ጤዛ ሳይለቀው ሽታው እስከ ደጃችን ይመጣ ነበር። ፍሬው ሲቀላ ደግሞ እኛ ልጆች እጃችን እየተቧጠጠ እንለቅመዋለን። ሆዱ ውስጥ ያለውን ጠጉር በደንብ ያልጠረገ ጉሮሮው ሲያሳክከው ይውላል፤ ሥጋው ግን ይጣፍጣል። አሁን ያሉት ልጆች ይበሉት እንደሆነ እንጃ።

ባገራችን ወግ የወሰን አጥር የሁለቱም ነው፤ ክረምት ሲወጣ ሁሉም በየፊቱ ያለውን ይከረክማል። አያ ደሳለኝ ገጀራውን ይዞ የራሱን ፊት እስከ ግንዱ ይላጨዋል፤ ሲያርስም ማረሻውን ከሥሩ ድረስ ያስጠጋል። እናቴ ግን አንድ ቀንበጥ አትነካም። ቀጋ የሚያብበው ባሮጌው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ደግሞስ፣ «የአባትሽ እጅ ነው፤ እንዴት ብዬ ቢላ አነሣበታለሁ?» ትለኝ ነበር። ወደኛ የተንጋደደውን በባላ ትደግፈዋለች፤ መሬት ነክቶ ሥር የሰደደውን ፍግ ታለብሰዋለች፤ በበጋ ከምንጭ በተሸከመችው ውሃ ታጠጣዋለች። እንዲህ ሆኖ በዚያ በኩል ያለው ሥሩ በማረሻ እየተበጠሰ ሲደርቅ፣ በዚህ በኩል አዲሱ ይበቅላል። የሽንኩርቱ መደብ በየዓመቱ ጠበበ። ጓሮው መሀል የነበረው ጌሾ ቀጋው ውስጥ ገባ። እሷ ግን «ዘንድሮ ቀጋዬ ሰፋ» ብላ ትደሰት ነበር።

ለአቅመ ሔዋን ልደርስ ስል፣ በጥቅምት፣ አያ ደሳለኝ ለልጁ ጎጆ ሊያወጣ ከአጥሩ ማዶ ችካል ቸከለ። እናቴ ድንጋይ ላይ ወጥታ አሻግራ አየችው።

«አያ ደሳለኝ፣ ያ እኮ የሽንኩርት መደቤ የነበረ ነው» አለችው።

«መደብሽማ ከአጥሩ ወዲያ ነው። ዓይን የለሽም?»

እናቴ አጥሩን አየች፣ ችካሉን አየች፣ ጌሾውን ፈለገች። ያን ጊዜ ገባት።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የእኛን ጠላ ጠጡ፣ የእኛን ዳቦ በሉ። ከመካከላቸው ትልቁ አንድ መምሬ ነበሩ፤ የእናቴም የአያ ደሳለኝም የነፍስ አባት። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ፊታቸው ቆመች።

«ባሌ የቀበረው የወሰን ድንጋይ ነበር፤ አያ ደሳለኝ፣ እስቲ ድንጋዩን የት አደረጉት?»

«ድንጋይማ ማረሻ ይሰብራል። ለቅሜ ጣልሁት።»

እንዲሁ በቀላሉ ነው ያለው። ማንም አልደነገጠም፤ ከእርሻው ድንጋይ የሚለቅም ገበሬ ምን ይባላል?

«ድንጋይ በእጅ ይነሣል» አሉ መምሬ። «ሥር ያለው ግን ከተተከለበት አይነቃነቅም። ብርቄ፣ በመድኃኔዓለም እውነቱን ተናገሪ። አጥሩን ማን ተከለው?»

«ባሌ ነው የተከለው፣ አባቴ።»

«ነቅሎ ያዛወረው ሰው አለ?»

አጠገቧ ቆሜ «አለ በይ፣ እማ፣ አለ በይ» እያልሁ በልቤ ለመንኋት። እናቴ ግን በመድኃኔዓለም የማትዋሽ ሴት ነበረች።

«የነቀለውስ የለም» አለች። «ግን ባለበት አይደለም። ሄዷል።»

«ቀጋ ይሄዳል እንዴ?» አለ አንደኛው ሽማግሌ። ሳቁ። መምሬም ሳቁ፤ አያ ደሳለኝ ከሁሉም ይበልጥ ሳቀ። አጥሩ ባለበት ወሰኑም እዚያው ነው ተብሎ ተፈረደ።

አያ ደሳለኝ መሬቱን ካረጋገጠ በኋላ ቀጋው ምን ያደርግለታል? ታኅሣሥ ሳይወጣ ከነሥሩ አስነቅሎ አቃጠለውና በቦታው ካብ ካበ። እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ ጭሱን አየችው፤ አላለቀሰችም። የቀረን ጓሮ ለሁለታችን አልበቃም፤ ከተማ እየወረደች የሰው ልብስ ታጥብ ጀመር፤ እኔንም በዚያው ገንዘብ አስተማረችኝ። አንዲት ጎረቤታችን አዝና ከራሷ አጥር የቀጋ ችግኝ ብታመጣላት፣ «ሁለተኛ የሚሄድ ነገር አልተክልም» ብላ መለሰችላት። የዘመድ ጥል የሥጋ ትል ይባላል፤ እናቴን እስክትሞት ከውስጥ በላት። እኔም አያ ደሳለኝን ይቅር አላልሁትም። ቀብሩ ላይ ሰው እንዳያማኝ ቆምሁ እንጂ እንባ አልወጣኝም።

«እትዬ፣ ታዲያ ለምንድን ነው?» አለኝ ገመቹ።

«እኔ ነኝ የምቆርጠው» አልሁት። «ክረምት ሲወጣ አንተ ሥራ ስትሄድ ዙሪያውን እከረክመዋለሁ። አሮጌው ቅርንጫፍ ከሌለ አያብብም።»

«ለምን?» ልጁ ደነገጠ።

«እንዳይሄድ።»

ይህን ጊዜ ሳቀ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ የእነዚያ ዓይነት ሳቅም አይደለም። «ቀጋ ይሄዳል እንዴ፣ እትዬ?» አለኝ።

ከበስተኋላው፣ ቀጋው ሥር፣ ያላየሁት አንድ ቅርንጫፍ ወደ ጎረቤት አጥር ተንጋድዶ ጫፉ መሬት ሊነካ ነበር። ላዩ ላይ ነጭ እምቡጥ ይዟል። የእናቴን ሽታ ሸተተኝ ልበል? ሸተተኝ። ከዚያ መቀሴን ላመጣ ወደ ቤት ገባሁ።