አንድ ጊዜ ብቻ የሚጮኽ ስልክ

እናቴ ስልክ የምታነሳው በበዓል ብቻ ነበር። በሌላው ቀን ስልክ ለእኛ ቤት የሚጮኽ እንጂ የሚነሳ ዕቃ አልነበረም። እኔ መተከል ውስጥ በማስተምርበት ከተማ፣ እሷ ገነተ ማርያም ሆነን፣ በየቀኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ጊዜ አስጮኽላትና እዘጋለሁ። «ደህና ውያለሁ» ማለት ነው። እሷም መልሳ አንድ ጊዜ ታስጮኻለች። «ሰምቻለሁ፣ እኔም ደህና ነኝ» ማለት ነው። ሚስኮል በሚሉት በዚህ ጥበብ፣ አንድ ቃል ሳንተነፍስ፣ ስንጠያየቅ ኖርን።

ወንድሜ የመኪና ረዳት ነበር። የሞተው መንገድ ላይ ነው፤ መርዶውም የመጣው ከማናውቀው ቁጥር ነው። አንድ ደግ ሰው ከኪሱ ውስጥ የእናቴን ቁጥር አግኝቶ ደወለላት። ሰውየው ምን ያድርግ? ከዚያ ወዲህ ግን እናቴ የማታውቀው ቁጥር ሲደውልባት ትንፋሿ ይዘጋል። አንድ ጊዜ ተሳስቶ የደወለ ነበር፤ ጎረቤቶች ሲደርሱ ደጃፍ ላይ ተዘርራ፣ ስልኩ አጠገቧ እየጮኸ አገኟት። ደም ግፊት እንዳለባት የታወቀውም ያን ቀን ነው። ስለዚህ የቤታችን ሕግ ሁለት ነበር፤ የማታው ሚስኮል አይቀርም፣ ከሌላ ሰው ስልክም አይደወልም።

ነገሩ የሆነው ክልላችን ገና አዲስ፣ ሞባይል ደግሞ ከክልሉም የበለጠ አዲስ በነበረበት ዘመን ነው። አሶሳ ለሥልጠና ተጠራሁ። ያን ጊዜ የመተከል ሰው የገዛ ክልሉን ዋና ከተማ ለማየት በጎጃም ዞሮ፣ ወለጋን አቋርጦ፣ መንገድ አድሮ ነበር የሚደርስ። ጓዳው ለመግባት ሰፈሩን ሁሉ እንደሚዞር ሰው ማለት ነው። ከመነሳቴ በፊት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «በየመናኸሪያው ሌባ አለ» ብላ አስፈራራችኝና ስልኬ ሲከፈት የሚስጥር ቁጥር እንዲጠይቅ አደረገችልኝ። ቁጥሩን የመረጥኩት እኔው ነኝ። ብልጥ መሆኔ ነው፣ ማንም ሊገምተው የማይችል ቁጥር መረጥኩ። እውነትም ማንም ሊገምተው አልቻለም፤ እኔም ጭምር።

የመጀመሪያውን ማታ ነቀምት አድሬ፣ ሚስኮሌን አድርሼ፣ በሰላም ተኛሁ። በማግስቱ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። ባምባሲ ለምሳ ስንወርድ ሻይ ቤት ውስጥ ቻርጅ አደረግሁት። አውቶቡሱ ተነስቶ ስከፍተው የሚስጥር ቁጥሩን ጠየቀኝ። ያሰብኩትን ጻፍኩ፤ አይደለም አለኝ። ጮክ ብዬ ሳላማርር አልቀረሁም፤ ምክንያቱም አጠገቤ የተቀመጠው የመንዲ ነጋዴ ወዲያው ዞረ።

«ጀባዱ እህቴ፣ አይዞሽ» አለ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት በይው። የእኔ እሱ ነው።»

ከኋላ አንዱ የእሱ አራት ዜሮ እንደሆነ ነገረን። ሌላው የልጁን የልደት ዓመት አቀበለ። በዚያች ሰዓት መኪናው ውስጥ ሌባ ቢኖር የስንቱን ስልክ ሚስጥር ይዞ በወረደ። የነጋዴውን ሞከርን፣ አራት ዜሮውን ሞከርን፣ ስልኩ ተቆለፈ። አሁን ደግሞ የሚጠይቀው ከነጭራሹ የማላውቀውን፣ ስምንት አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ነበር። ነጋዴው ተስፋ አልቆረጠም፤ «ስምንት ከሆነ እንግዲህ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ብሎ ጣቱን ሲዘረጋ፣ ከበስተጀርባችን የመጣ እጅ ስልኩን ሸፈነው።

«ተው» አለች የእጁ ባለቤት። «ይሞታል። አሶሳ ስልክ ቤት አለ። እኔ ያሳይሃል።»

ባምባሲ ገበያ ማንጎ ሸጣ የምትመለስ፣ በዕድሜ እናቴን የምታህል የበርታ ሴት ናት። አማርኛ ለእሷ የገበያ ቋንቋ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው፣ ስለ ራሷም እንደ «እሱ» ነው የምትናገረው። ነጋዴው ጥፋቱ ተሰምቶት የራሱን ስልክ አውጥቶ «እንኪ፣ በዚህ ደውይ፣ ምን ያስጨንቅሻል?» አለኝ። ያን ጊዜ የእናቴን ነገር፣ የወንድሜንም፣ ነገርኳቸው። ነጋዴው ስልኩን ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ መለሰ። ሴትዮዋ በመስኮት ፀሐይዋን አየች።

አሶሳ ስንደርስ ሁለቱም ወደየጉዳያቸው ይሄዳሉ ብዬ ነበር። አልሄዱም። ሴትዮዋ ቅርጫቷን ይዛ ከፊት፣ ነጋዴው ሻንጣዬን ተሸክሞ ከኋላ፣ እኔ መሐል፣ እንደ ታሰረ ሰው ተከብቤ ስልክ ቤቱ ደረስኩ። ሊዘጋ ትንሽ ነበር የቀረው።

መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት ሠራተኛ ትሑት ነበረች። መታወቂያዬን ተቀብላ ኮምፒውተሯን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«እህቴ፣ ይህ ቁጥር በእርስዎ ስም አይደለም። ባለቤቱ ይምጣ።»

«ባለቤቱ ወንድሜ ነው። አይመጣም። ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር» አለች። ስሙን ለምን እንዳላዛወርኩት አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ኖሮ አላስችል ብሎኝ ነው እላት ነበር። ከዚያ «እሺ፣ ስልኩ በእርስዎ እጅ እንደነበር እንዳውቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚነጋገሩባቸውን ቁጥሮች ይንገሩኝ» አለችኝ።

በቃሌ የማውቀው የእናቴን ብቻ ነው። በኩራት ነገርኳት። ፈለገች፣ ፈለገች፣ ራሷን ነቀነቀች።

«ከዚህ ቁጥር ጋር አልተነጋገሩም።»

«እንዴት? በየቀኑ እኮ ነው!»

«የለም እህቴ። በየቀኑ ቀርቶ በወርም…» አለችና ቆም ብላ አየችኝ። «ሚስኮል ነው እንዴ?»

አንገቴን ደፋሁ። ለካ ያልተነሳ ስልክ እዚያ አይመዘገብም። ያን ሁሉ ዘመን ማታ ማታ ደህንነታችንን ስንለዋወጥ፣ ለእነሱ መዝገብ እኔና እናቴ የማንተዋወቅ ሰዎች ነበርን። ልጅቷ ግን አልሳቀችብኝም። «የእኔም እናት እንዲሁ ናት» ብላ እንደገና ፈለገች። የፋሲካ ዕለት ጠዋት ላይ አንድ ረጅም ንግግር አገኘች። ጾም ስንፈታ የተባባልነው ነው።

«አንድ አይበቃም። እናትዎ ራሳቸው ካረጋገጡልኝ ግን እከፍታለሁ» አለችና የጠረጴዛውን ስልክ አንስታ የእናቴን ቁጥር መምታት ጀመረች።

እንዴት እንዳደረግሁት አላውቅም፤ በመስኮቱ እጄን አስገብቼ ስልኩን ዘጋሁባት። ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። ወረፋው ሁሉ አየኝ። የማያውቁት ቁጥር ለእናቴ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ የቀረውን ነጋዴው ጨረሰልኝ። ልጅቷ ወደ አለቃዋ ክፍል ገባችና ተመለሰች።

«የዚህ ከተማ መታወቂያ ያለው ዋስ ካመጡ ይሆናል ተብሏል።»

ነጋዴው ቃሏን ሳትጨርስ መታወቂያውን ዘረጋ፤ የመንዲ ሆነና ተመለሰለት። እኔ አሶሳ ውስጥ የማውቀው አንድም ሰው አልነበረም። ኖሮም ዋስነት ቀላል ነገር አይደለም። አባታችን በሕይወት ሳለ አጥብቆ የመከረን ነገር ቢኖር፣ ለማታውቁት ሰው ዋስ አትሁኑ የሚል ነው። ተስፋዬ እዚያ ላይ ተቆረጠ። ውጭ ጥላው ረዝሟል።

ሴትዮዋ ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠች። የሻሿን ጫፍ ፈትታ እጥፍጥፍ ያለ የቀበሌ መታወቂያ አወጣችና በመስኮቱ አስገባች።

«እማማ፣ ይችን ሴት ያውቋታል?» አለቻት ልጅቷ።

«ያውቃል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከባምባሲ።»

ከወረፋው ሰው ሳቀ። ልጅቷ ግን ግዴታዋ ነውና «በዚህ ስልክ ጥፋት ቢሠራ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት» ብላ አስጠነቀቀቻት።

«እናት አለው» አለች ወደ እኔ እያመለከተች። «እናት ማታ ይጠብቃል። ወላሂ ውሸት አይደለም።» አውራ ጣቷንም ለቀለሙ ዘረጋች።

ስልኩ ተከፈተ። ልጅቷ አዲስ የሚስጥር ቁጥር ይምረጡ ስትለኝ ነጋዴው አፉን ከፈተ፤ ዞሬ ሳየው መልሶ ገጠመው። ከደጅ ወጥቼ፣ ፀሐይዋ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ላይ እንዳለች፣ አንድ ጊዜ አስጮኼ ዘጋሁ። ጠበቅን። ሦስታችንም ስልኩ ላይ አፈጠጥን። ሌላ ጊዜ የእናቴ እጅ ፈጣን ነው፤ ያን ቀን ዘገየች፣ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ከዚያ ስልኩ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

«ይሄ ብቻ?» አለች ሴትዮዋ። «ምንም አላለም?»

«በቃ ይኸው ነው። ደህና ናት ማለት ነው።»

አሰበችበት። «ጥሩ ነው» አለች። «የእኔ ልጅ ጉባ ሄዷል። ወርቅ ቆፍሮ ይፈልጋል። እሱ ስልክ የለውም፣ እኔም የለውም። ሰው ሲመጣ እንጠይቃለን።» ከቅርጫቷ ሳይሸጡ የቀሩትን ማንጎዎች አውጥታ እቅፌ ላይ አደረገችልኝና መንገዷን ሄደች። ዋስ የሆነችኝ እሷ፣ ስጦታ የጨመረችልኝም እሷ። እኔ ከምስጋና በቀር ምንም አልሰጠኋት፤ እሱንም በእንባ ስለነበር በደንብ መስማቷን እንጃ።

ሥልጠናው አልቆ ገነተ ማርያም ስገባ ታሪኩን ከነነጋዴው አስመስዬ ለእናቴ አወራሁላት። ትስቃለች ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ለእሷስ ማን ያስጮኽላታል?» አለችኝ።

 እናቴ ከዚያ ወዲህ የማታው ሚስኮል ከደረሳት በኋላ ቆማ ትጸልያለች። መጀመሪያ እኔን በስሜ ታነሳለች፤ ከዚያ ጉባ ያለውን። ስሙን ስለማታውቀው «የዋሳችንን ልጅ በሰላም መልሰው» ትላለች።