ጠዋት የመረመርኳቸው ቄስ

እኔ ሲፈጥረኝ ተጠራጣሪ ነኝ። በደርግ ጊዜ ሞላሌ ከተማ ክሊኒክ በሽተኛ የማይ ድሬሰር ሆኜ ስሠራ፣ ራሴን አመመኝ የሚለኝን ሁሉ ክኒን ፈልጎ ነው እል ነበር። ዘመኑም አላገዘኝም፤ ሰው ጎረቤቱን ሳይቀር በጎሪጥ የሚያይበት ጊዜ ነው። የነፍስ አባቴን የጠረጠርኩት ግን ዘመኑ አስገድዶኝ አይደለም። የራሴው አመል ነው።

እሳቸው ከከተማው ወጣ ባለች ደብር የሚቀድሱ፣ ድምፃቸው ያማረ ቄስ ነበሩ። አንድ ዐቢይ ጾም ላይ ግን፣ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ በሚሆንበት ቀን ሁሉ፣ አንደበታቸው ይተሳሰር ጀመር። ቃሉ በአፍንጫቸው ይወጣል፣ የዐይናቸው ቆብ ይወርዳል፣ መስቀል የያዘው እጃቸው ይዝላል። «ጠላ ቀማምሰው ገቡ» ተባለ። ጾም ሽሮ፣ ጠጥቶ የሚቀድስ ቄስ! እሑድ ጠዋት ሲቀድሱ ደግሞ ድምፃቸው እንደ ድሮው ጥርት ይላል። ይኼ ጭራሽ ሐሜቱን አባሰው፤ በጠዋት ማን ይጠጣል?

የደብሩ ሽማግሌዎች ወደ እኔ ላኳቸው። ሕመም ካልተገኘባቸው ከመቅደስ ሊያግዷቸው ቆርጠዋል። ገና በማለዳ መጡ። እጄን ይጨብጡ ብላቸው ጣቴን ሊሰብሩት ደረሱ።

«ጠዋት ጠዋት ደኅና ነኝ፤ ከሰዓት ነው የሚያደክመኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

በሆዴ «ከሰዓቱንማ አገር ያውቀዋል» አልኩ። ጉሮሮዎን ልይ ብዬ ጠጋ አልኩና አፋቸውን አሸተትኩ። ምንም የለም። ቅርንፉድ አላምጠው መጥተው ይሆናል ብዬ፣ «ሕመም የለባቸውም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። በሳምንቱ ታገዱ።

ዓመት ሳይሞላ እህል መዋጥ አቃታቸው፤ ውኃው ሁሉ ትን ይላቸዋል። ባለቤታቸው ክሊኒክ ድረስ መጥተው፣ «ጠላ ከቤቴ ካጠፋሁ ስንት ወር ሆነኝ። አሁንስ በምን ሰከሩ ትላለህ?» ብለው አፈጠጡብኝ። ደነገጥኩ። ቄሱን ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ።

እዚያ አንድ ሐኪም ጣሪያውን ትክ ብለው እንዲያዩ አዘዛቸው። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም የዐይናቸው ቆብ ወረደ።

«ጡንቻቸው ሲሠራ ይዝላል፤ ሲያርፉ ይመለሳል» አለኝ። «ሰውነታቸውን ሊከላከል የሚገባው ነገር ራሱን ሰውነታቸውን እያጠቃ ይመስለኛል። ብርቅ በሽታ ነው። ምልክቱ በደም ውስጥ ይገኛል፣ የሚመረምር መሣሪያ ግን አገራችን የለም። ውጭ እልከዋለሁ።»

ደም ወደ ውጭ! ሊሸጠው ነው አልኩ። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ሁለቴ አነበብኩ። እስከዚያው ብሎ ጥቂት ክኒን ሰጣቸው። ውጠው ሰዓት ሳይሞላ ዐይናቸው ተገለጠ፤ ውኃውን ግጥም አድርገው ጠጡ።

ሽማግሌዎቹ ግን ወይ ፍንክች! «ጤነኛ ናቸው ብለህ የፈረምከው አንተ። አሁን አሳዘኑህና በሽተኛ አደረግካቸው» ብለው የገዛ ወረቀቴን አወጡብኝ። ምን ይዋጠኝ! የደሙ ውጤት ይምጣ ተባለ።

ከስንት ወር በኋላ መጣ። ምልክቱ በደማቸው ተገኝቷል። ሐኪሙ በአማርኛ ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ላከው፤ እገዳውም ተነሣ።

ቄሱ ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «አፍዎን አሽትቻለሁ፣ አባቴ» አልኩ።

«አውቄብሃለሁ» አሉ። «ሌላው ሲያማኝ፣ የንስሐ ልጄ ያወጣኛል ብዬ ነበር የመጣሁብህ።» ከዚያ ክንዴን ይዘው አነሡኝ። «እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። ቀኖናህ ግን በጾም ቀን ቅዳሴ ማብቂያ፣ ሕዝቡ ፊት ቆመህ ይህንኑ መናገር ነው።»

የመንግሥት ሠራተኛ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ንስሐ ሲናገር! ካድሬው ቢሰማ እንጀራዬ ነው። ሕዝቡ ፊት ቆምኩና አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ስጨርስ ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት፣ «ከሰዓት ነው የሚያመኝ እያሉህ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ብታያቸው ምን ነበረበት?» አሉኝ።

ቄሱ ከመቅደሱ በር ላይ ያዩኛል።

«ሰክረዋል ብዬ አስቀድሜ ፈርጄባቸው ነበር፣ እናቴ» አልኩ። «ባያቸው ስሕተቴን አውቅ ነበር። ማወቅ አልፈለግሁም።»