ባዶ የማይቀበለው ሳጥን

ንጋትወርቅ ሰመራ ውስጥ ቢሮዋን ከተጋራት ሳምንት ያለፈውን ፕሮግራመር ስሙን ጠይቃው አታውቅም። በዚያ ሙቀት የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ የቤተሰብ መመዝገቢያ ፎርም ይሠራል። ፎርሙ ላይ ጎሳው ሲከፈት ቤተሰቡ፣ ቤተሰቡ ሲከፈት እናት፣ ከእናት ሥር ልጆቿ መውጣት አለባቸው። ግን የእናትየውን ስም ባረመ ቁጥር ልጇ ከሥሯ ይጠፋበታል። "ኤዲያ!" ይልና ጠረጴዛውን በቡጢ መትቶ እንደገና ይጀምራል። ለሙከራ የሚያስገባው ሁሌም ያው ነው፤ እናት ተስፋነሽ፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ የአባት ስም ባዶ።

ዛሬ ልጁ አልጠፋም። ፎርሙ ግን "የአባት ስም ግዴታ ነው" ብሎ ቀላ።

"ወንድሜ፣ የሆነ ስም ሙላበትና እለፈው!" አለችው ሰልችቷት።

"እኔንም ትምህርት ቤት ሲያስገቡኝ እንዲሁ ነው የሞሉልኝ" አላት፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።