የክርስትና ስሙን ጠየቀችኝ

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አንዷን ክፍል ያከራየኋት መምህርት ካቶሊክ ናት። ዕቃ ስታጥብ የምትማጸናት ቅድስት እንደኔ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ሥዕሏን ከጀሪካኑ በላይ ለጥፋዋለች። እምነቴን እንዳታስለውጠኝ እየሠጋሁ በዓይኔ እከታተላታለሁ። ያም ሆኖ፣ ከቀብሩ ወዲህ ጸሎት እምቢ ያለኝ እኔ ልብስ ሳጥብ ሳላስበው መጸለይ ጀመርኩ።

ትናንት፣ "እትዬ፣ የጋሼን የክርስትና ስም ይንገሩኝ፤ በጸሎት ላስባቸው" አለችኝ።

ደነገጥኩ። በሰው የክርስትና ስም ስንት መተትና ድግምት ይሠራበታል!

"እሱ ለአሸተን ማርያም ቄሶች እንጂ ለሰው አይነገርም።"

"እኔን ደግሞ መቼ ከሰው ቆጠሩኝ?" ብላ ሳቀች።

የእሱን አልሰጠኋትም፤ ከእንግዲህ ራሱን መጠበቅ አይችልም። የራሴን ነገርኳትና የሚደርስብኝን መጠባበቅ ያዝኩ።