አባቴ ለደቦው ያካፈለው

በኢሕአዴግ ዘመን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ከተመደቡ በኋላ ነው። እኔ ሶዶ ተቀምጬ ለሬዲዮ እዘግብ ነበር። ከገሱባ ወጣ ብሎ ባለው የትውልድ ቀበሌዬ የሆድ ትል ምርመራ ሊደረግ መሆኑን ስሰማ መቅረጫዬን ይዤ ሄድኩ።

ምርመራው በሽተኛ አይፈልግም። የሚፈልገው ምንም አላመመኝም የሚለውን፣ የሚያርሰውንና የሚሸከመውን ጎልማሳ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ክኒን ተሰጥቷቸው ነበር፤ ትል ካለበት ትልቅ ሰው ጋር በአንድ ጓሮ እየዋሉ ግን መልሶ ይይዛቸዋል።

ችግሩ፣ በእኛ ሰፈር ትል ተገኘበት ከተባለ የሚታማው ሰውየው ሳይሆን ቤቱ ነው። ሚስቱ ጎመን በደንብ አታጥብም ይባላል።

አባቴ የደቦው አለቃ ነበር። የእንሰት ጓሮ ሲቆፈርም ሆነ ጎደሬ ሲተከል ከፊት የሚቀድም እሱ ነው። ታሞ ተኝቶ ያየው ሰው የለም። ማታ ለየሰዉ የሰገራ ናሙና መያዣ፣ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ታደለች፤ ጠዋት የደቦው ሰዎች ሞልተው መጡ።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ ማይክሮስኮፑን ከቀበሌው አዳራሽ ደጃፍ አኑራ መስታወቱን ወደ ፀሐይ አዞረች። የመጀመሪያውን አየች፤ ሁለተኛውን አየች፤ የቀሩትንም አይታ ቀና አለች።

«እነዚህ ሰዎች አንድ ሆድ ነው እንዴ ያላቸው?» አለች። «ወስፋቱም፣ የመንጠቆ ትሉም፣ ኮሶውም በሁሉም ላይ አንድ ነው። መንታ እንኳ እንዲህ አይመሳሰልም።»

የደቦው ሰዎች ወደ አባቴ ዞሩ። ያኔ ገባኝ። ጎሕ ሲቀድ ባዶ ዕቃቸውን ይዘው እኛ ቤት መጥተው ነበር። ከእሱ የሚበልጥ ጤነኛ የለም፤ የእሱን ካቀረቡ የማንም ቤት አይታማም። እነሱ በሬም ዘርም የሚካፈሉ ናቸው፤ አባቴም ይህን አልነፈጋቸውም።

አሁን ዝም ካለ የሁሉም ቤት በእሱ ትል ሊታማ ነው። ከተናገረ የእናቴ ስም ብቻውን አደባባይ ሊወጣ ነው። መቅረጫዬን አየ።

«ይቀዳል?»

«ይቀዳል አባዬ። ላጥፋው?»

«ተወው።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ሁሉም የእኔ ነው። ትሉም የእኔ ነው፤ የእነሱን ገና አላያችሁም። ሚስቴን ማንም እንዳያነሳ፤ በባዶ እግሩ የሚቆፍረው፣ ጥሬ ሥጋ የሚቆርጠው እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ ባለሙያዋ ዞረ። «ግን ልጄ፣ ትናንት ስቆፍር ውያለሁ፤ ምንም አላመመኝም።»

«እኛም የመጣነው ለዚሁ ነው አባባ። ሳያምም ይኖራል።»

ከኋላ አንዱ፣ «ጋሼ፣ ያን ሁሉ ጉልበት ከትሎቹ ጋር ተካፍለህ ነው እንዴ ያስከነዳኸን? ክኒኑን ስትወስድማ ማን ይችልሃል!» አለ። ደጃፉ በሳቅ ተናጋ፤ አባቴም ሳቀ።

በማግስቱ እያንዳንዱ የራሱን አመጣ። የተገኘበት ካልተገኘበት ይበዛ ነበር፤ ቁጥሩን በእጄ ስላልያዝኩ አልጠቅስም። እኔም ሰጠሁ። ከተማ ውስጥ ጫማ አድርጌ የምኖረው ሰውዬ ወስፋት ተገኘብኝ፤ ያንንም በዘገባው አካተትኩት።

በሥራዬ ብዙ ሹም ፊት መቅረጫ ደግኜአለሁ። ሳይጠየቅ በራሱ ላይ የመሰከረልኝ ግን አባቴ ብቻ ነው። ድምፁ ሲተላለፍ ከሶዶ ሆኜ ሰማሁት፤ ያን ቀን በእሱ ስኮራ ዋልኩ።

የፈራሁት ለእናቴ ነበር። በቀጣዩ ገበያ ቀን ገሱባ ላይ ቅቤ ሻጯ፣ «የባልሽን ሆድ በሬዲዮ ሰማነው» ብላ ሳቀችባት አሉ። እናቴ ቅቤውን እያሸተተች፣ «የእኔስ ታይቶ ክኒኑን ወስዷል» አለች። «የአንቺው መቼ ነው የሚታየው?»